ባምላኩ የሞተ ቀን

«አዘቅዝቁ» አለች ተናኘወርቅ።

ከሚኒባሱ የወረዱት ሴቶች ነጠላቸውን ከራሳቸው አነሡ፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው እንደገና ተከናነቡት። ፊታቸው እስከ አፍንጫቸው ተሸፈነ። ደብረ ብርሃን ላይ ከእሷ ጋር የበግ ጠጉር እየፈተሉ ባና የሚሠሩ ናቸው፤ ያንን መንዜ ውርጩን የሚያሳፍርበትን ብርድ ልብስ። ሟቿን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ቢሆንም ለቅሶ ለቅሶ ነውና አንዷም «ማንን ነው የማለቅሰው?» ብላ አልጠየቀችም።

መኪናው ከዚህ ወዲያ አይወጣም። ዳገቱ አናት ላይ የዕድሩ ድንኳን ይታያል፤ ከጀርባው ደግሞ ያ ቤት። ተናኘወርቅ ከዚያ ቤት ከወጣች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ የወጣችውም በተሰበረ እጅ ነው። እጇን የሰበረው ምንይሉ፣ የቀድሞ ባሏ፣ ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ ዋናው ሐዘንተኛ ነው፤ የሞቱት እናቱ ወይዘሮ ይዘንጋሽ ናቸውና።

«ፈራሽ እንዴ?» አለቻት ከኋላዋ የቆመችው ሴት።

«ፈራሁ እንጂ! ድንጋይ ነኝ?» አለች ተናኘወርቅ። «ግን ተጠርቻለሁ።»

እውነቷን ነው። ከጥቂት ሳምንት በፊት የወይዘሮ ይዘንጋሽ ወንድም፣ ጋሽ ባምላኩ፣ ዘንጋቸውን እየተመረኮዙ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው ነበር። ሽማግሌው ከተማ አይወዱም፤ ገና በሩ ላይ እንደቆሙ ነው መልእክቱን የተናገሩት።

«እኅቴ ከአልጋዋ አትነሣም፤ የቀራት ጥቂት ነው። ለተናኘ ንገር ብላኛለች። ‹ስሞት ለቅሶዬን ድረሺ፤ ብቻሽን ግን እንዳትመጪ፤ ሴት አብዝተሽ ነይ› ብላለች።»

«ሴት ለምን ይበዛል ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ! እሷ መልእክት ትልካለች እንጂ ምክንያት ልካ ታውቃለች?»

ተናኘወርቅ ለራሷ የተጨነቁላት መስሏት ነበር። ምንይሉ እንዳይነካት፣ ከለላ እንዲሆኗት። ስለዚህ መርዶው ሲደርሳት የሥራ ጓደኞቿን ሁሉ ይዛ በሰልስቱ ደረሰች።

ዳገቱን ጨርሰው አጥሩ ጋ ሲደርሱ ለቅሶውን አወረዱት። «እማምዬ! እማምዬ ይዘንጋሽ!» እያለች ተናኘወርቅ ቀደመች። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ከየት እንደመጡ የጠየቀ የለም። በዚያ አገር ለቅሶ የመጣን ሰው ማን ነህ ብሎ የሚያቆም አልተወለደም፤ ደም የተቃቡ እንኳ ለሐዘን ከመጡ መንገድ ይለቀቅላቸዋል፣ መቀመጫ ይሰጣቸዋል፣ ንፍሮ ይዘገንላቸዋል። ጠቡ የነበረበት ቦታ ይቆያቸዋል።

ምንይሉም ተነሣ። ሸብቷል፤ ትከሻው ግን አሁንም ሰፊ ነው። የሐዘን ጋቢውን እንደለበሰ ቀና ሲል ዓይኗን አየና አወቃት።

«እግዜር ያጽናህ» አለችው።

ዙሪያውን ሽማግሌ ሞልቷል። «አሜን» አለ። ሌላ ምን ሊል?

ሴቶቹ በግራ በኩል ተቀመጡ። ወዲያው ሹክሹክታው እንደ ንብ ቀፎ ተነሣ። ለቅሶ ቤት ያለ ወሬ ወጥ ያለ ጨው ነው፤ ማንም አልበላውም ይላል፣ ማንም አይተወውም።

«ያቺ የኮበለለችው አይደለችም?»

«እሷው ናት። ከበግ ነጋዴ ጋር ጠፋች ተብሎ አልነበር?»

«ታዲያ ለአማቷ ምን አንጀት ኖሯት ታለቅሳለች? እሳትና ጭድ አልነበሩ!»

ከተናኘወርቅ አጠገብ የተቀመጡት እማሆይ አመተሥላሴ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ «ኧረ እኔስ ምኑንም አላውቅ» አሉ። ይህን ሲሉ ግን የተናኘወርቅን ጉልበት በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ይኸው ነው።

እሳትና ጭድ መሆናቸው እውነት ነበር። የወይዘሮ ይዘንጋሽ ምላስ እንደ በግ መሸለቻ መቀስ ነበር፤ አገሩ ሁሉ «ከይዘንጋሽ ምላስ የጥቅምት ውርጭ ይሻላል» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ተናኘወርቅ ሙሽራ ሆና ስትመጣ የፈተለችውን ክር ወደ ብርሃን ያዙና «ይኸ ክር ነው ወይስ የፍየል ጭራ?» አሉ። ፍቺ ብለው አስፈቷት። እንደገና ፈተለች። እንደገና አስፈቷት። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የተናኘወርቅ ክር ስም ያለው ክር ከሆነ፣ ያ ስም የተገኘው ከዚያ ምላስ ሥር ነው።

ምንይሉ ሲመታት ግን ያ ምላስ ዝም ይል ነበር። የአሮጊቷ ጎጆ ከልጃቸው ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ የማይሰማ ነገር የለም። ጧት ሲገናኙ ዓይኗን ሳያዩ «ውሃው ይቀዳ» ብለው ያልፋሉ። ያኔ ተናኘወርቅ ከባሏ ይልቅ እሳቸውን ትጠላ ነበር። እሱስ ጨካኝ ነው፤ እሳቸው ሴት ሆነው?

ሁለት ጊዜ ወደ አባቷ ቤት ሸሸች። ሁለቴም ሽማግሌ ተልኮ «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ተብሎ ተመለሰች። በሁለተኛው መመለሷ ምንይሉ የግራ እጇን አንጓ በዘነዘና ሰበረው። ወጌሻ መጥቶ በቀርከሃ አሰረላት። ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ፣ እንደገና አስታረቁ፣ ጠላቸውን ጠጡ። ጠላውን የቀዱላቸው ወይዘሮ ይዘንጋሽ ነበሩ፤ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሽማግሌው ሲበተን ምንይሉ «ከዛሬ ወዲያ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ ከዚህ አጥር ብትወጪ ቀሪውን ነው የምሰብረው» አላት። እናቱ እየሰሙ።

በማግሥቱ እሱ በቅሎውን ጭኖ ሞላሌ ገበያ ወረደ። ገና ከዓይን እንደተሰወረ ወይዘሮ ይዘንጋሽ በሩን ገፉት።

«ተነሺ።»

«ወዴት እማምዬ?»

«ወንድሜ ባምላኩ ሞቷል።»

«እግዚኦ! መቼ?»

«አሁን። ነጠላሽን አዘቅዝቂና ውጪ።»

ተናኘወርቅ እዚህ ላይ ሳለች ሐሳቧ ተቋረጠ። አንዲት ወጣት ሴት ቡና ይዛ ፊቷ ቆማ ነበር።

«ይውሰዱ እትዬ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

የምንይሉ ሚስት መሆኗን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገም። ስሟ እፀገነት ነው። በጥቁር ሻሽ ግንባሯን እስከ ቅንድቧ ጠፍራዋለች፤ ከሻሹ ሥር ግን ወይን ጠጅ የመሰለ እብጠት ብቅ ብሏል። ጀርባዋን ለወንዶቹ ሰጥታለች፤ ቢሆንም ምንይሉ በዚያ በኩል ዞር ሲል ትከሻዋ ወዲያው ተሸማቀቀ፤ ዓይን ያለው ይመስል ጀርባዋ አየው። ተናኘወርቅ ያንን ጀርባ ታውቀዋለች። እሷም ነበራት።

*ሴት አብዝተሽ ነይ።*

ያን ጊዜ ገባት። አሮጊቷ «ሴት አብዝተሽ» ያሉት ለእሷ ከለላ አልነበረም። ከብዙ ሴት መካከል አንዲት ብትጨመር ማን ያውቃል ብለው ነው! አልጋ ላይ ተኝተው፣ መራመድ ተስኗቸው፣ ግድግዳ ለግድግዳ የዚችንም ጩኸት እየሰሙ፣ የቀራቸውን አንድ መሣሪያ አሰቡ። እሱም ሞታቸው ነበር።

«ጓዳ ውሃ ታጠጪኛለሽ እኅቴ?» አለች ተናኘወርቅ፣ ሰው እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ጓዳው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሆኑ። ተናኘወርቅ ግራ እጅጌዋን ሰበሰበችና ጠማማውን አንጓዋን አሳየቻት። እፀገነት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ነግረውኛል» አለች። «‹እጇ የተጣመመ ሴት በለቅሶዬ ትመጣለች፤ ያለችሽን አድርጊ› ብለውኝ ነበር። እኔ ቅዠት መስሎኝ! ሊሞቱ ሲሉ ስለሆነ…»

«ይዘንጋሽ ቃዥተው አያውቁም። ትመጫለሽ?»

«ያየኛል እትዬ። ይገድለኛል።»

«ቢያይሽስ? የእናቱን ለቅሶኛ በሽማግሌ ፊት ከመንገድ ሊያስቆም ነው? ደግሞ እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ከዚህ ድንኳን የት ይሄዳል? ሰዉ ሁሉ ‹እግዜር ያጽናህ› ሊለው እየመጣ ሐዘንተኛው ሚስት ፍለጋ ሄደ ሊባል? እማምዬ በገመድ አስረውልሻል እኮ!»

እፀገነት ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። የሚበስለውን ንፍሮ ከእሳቱ አወረደች፣ ክዳኑን ከደነችው፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እሺ» አለች።

ተናኘወርቅ ተመልሳ ስትቀመጥ ከወንዶቹ በኩል ሳል ተሰማ። ጋሽ ባምላኩ ነበሩ፤ ረጅም፣ ግዙፍ፣ ሰማንያን ያለፉ፣ ዋርካ የሚያክሉ ሽማግሌ። አንዱ ጎረቤት ሊያጽናናቸው «ለእርስዎ ዕድሜውን ይስጥዎት» ሲላቸው «ለእኔ አትጨነቅ» አሉት። «እሷ አንዴ ከገደለችኝ ወዲህ ጉንፋን እንኳ ይዞኝ አያውቅ!» የሰሙት ወንዶች ሐዘኑን ረስተው ከጋቢያቸው ሥር ሳቁ። ያ ቀን በአገሩ አይረሳም።

የቆመን ሰው ማልቀስ ነውር ነው፤ ከነውርም በላይ ሞት መጥራት ነው ይባላል። ወይዘሮ ይዘንጋሽ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቁ ነበር። «ኃጢአቱ በእኔ አንገት» ብለው፣ ጎረቤታቸውን የዛሬዋን እማሆይ አመተሥላሴንና ሌሎች ሁለት ሴቶችን አስከትለው፣ ተናኘወርቅን መሐል አድርገው፣ ደረታቸውን እየደቁ የሞላሌን መንገድ ያዙ። «ወንድሜን! ጋሻዬን!» ሲሉ ተራራው ይመልስላቸው ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የእሳቸው እንባ እስከ አገጫቸው ይወርዳል። ተናኘወርቅ ከነጠላዋ ሥር እያየቻቸው፣ እውነት ሰውየው ሞቶ ይሆን እንዴ እስክትል ደረሰች።

ሞላሌ ሊታይ ሲል፣ መንገዱ በገደሉ አፋፍ በሚጠብበት፣ ምንይሉ ገበያውን ሳይጠበቅ ቶሎ ጨርሶ ሲመለስ ፊት ለፊት ገጠማቸው።

ተናኘወርቅ ወደ ኋላ አለች። አመተሥላሴ በብብቷ ገብታ ያዘቻት።

ምንይሉ ለቅሶውን እንደሰማ ከበቅሎው ዘሎ ወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ይህን ያህል እንኳ አሳድገውታል። «ማን ነው እናቴ?»

«አጎትህን! ባምላኩን አጣሁት!»

እሱም አለቀሰ። አጎቱን ይወድ ነበር። ተናኘወርቅ ከእሱ አንድ ክንድ ርቃ ቆማለች፤ በነጠላው ድር መሐል ጫማው ይታያታል፣ የበቅሎው ትንፋሽ ይሰማታል። በቀርከሃ የታሰረው እጇ በነጠላው ሥር ይጠዘጥዛታል። ብታቃስት አለቀላት።

«ተናኘስ?» አለ እንባውን እየጠረገ።

«በዚያ በሰበርከው እጅ ምን ልትረባ ትመጣለች? ይልቅ ጭነትህን አግባና ወንዱን ይዘህ ድረስ!»

«እሺ እናቴ።» በቅሎውን ወደ ገደሉ ጠርዝ ስቦ መንገድ ለቀቀ፤ ሴቶቹ አልፈውት እስኪጨርሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ሚስቱ በአፍንጫው ሥር አለፈች።

ቤቱን ባዶ ሲያገኘው እንደ ልማዱ ወደ አባቷ አገር ሮጠ፤ ያ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የቀሩት ወንዶች በመሸ ጊዜ እየጮኹ ባምላኩ ደጅ ሲደርሱ፣ ጋሽ ባምላኩ ከአጥራቸው ላይ ብቅ ብለው «ማን ሞተ ጎበዝ?» አሏቸው። ወይዘሮ ይዘንጋሽም እዚያው ነበሩ። «መርዶው ስሕተት ኖሯል፤ ተመስገን በሉ እንጂ ምን ታፈጣላችሁ!» አሉና በግ አሳረዱ። ምንይሉ ኋላ ጠርጥሮ አፋጥጧቸው ነበር ይባላል። «እኔ የማውቀው አልቅሼ መመለሴን ነው» አሉት። ከዚያ በላይ ቃል አልወጣቸውም፤ እስኪሞቱ።

ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ የደብረ ብርሃን ሴቶች ሊሄዱ ተነሡ። እማሆይ አመተሥላሴ ከጓዳ በኩል ዞረው ወጡና፣ የተከናነበች አንዲት ሴት ከሌሎቹ መሐል አስገብተው፣ ምንም እንዳልሠሩ መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

ሐዘንተኛ እንግዳን ቆሞ ይሸኛል። ምንይሉ ድንኳኑ በር ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመ። ሴቶቹ አንድ በአንድ «እግዜር ያጽናህ» እያሉ አለፉት፤ እሱም እያጎነበሰ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ማጎንበሱ ነው ጉዱን ያመጣው። ሲያጎነብስ ዓይኑ ጫማ ላይ አረፈ፤ ተረከዙ ሲሰነጠቅ እሱ ራሱ ለሚስቱ በጋለ ብረት የበየደው ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ።

ቀና አለ። ፊቱ ደም መሰለ። እጁን ዘረጋ።

ያን ጊዜ ተናኘወርቅ ከነጠላዋ ወጣች። ሙሉ ፊቷን ገልጣ በእጁና በልጅቷ መካከል ቆመችና፣ ጠማማ እጇን ወደ ሰማይ አንሥታ ሙሾውን አወረደችው፦

«የቆመ አልቅሳ የወደቀ አነሣች፤
እንዲህ ያለች እናት ከየት ትገኛለች?»

እማሆይ አመተሥላሴ ደረታቸውን መቱና ተቀበሏት። ከዚያ አንዷ ጎረቤት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሴቱ በሙሉ። የቆመው ማን እንደሆነ፣ የወደቀችው ማን እንደሆነች፣ ያ የስሕተት መርዶ ምን እንደነበር ለሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። ከበግ ነጋዴ ጋር ጠፋች ያሉት አንገታቸውን ደፉ። ለይዘንጋሽ ለሦስት ቀን «ደግ ነበሩ፣ ሙያተኛ ነበሩ» ተብሎ ተለቅሶላቸዋል፤ እንደ ጀግና የተለቀሰላቸው ግን አሁን ነው። የተናኘወርቅ ደረት በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

«የቆመው እኔ ነኝ!» አሉ ጋሽ ባምላኩ ነጎድጓድ በመሰለ ድምፅ። ወደ ምንይሉ ተጠጉና ያንን ዋርካ የሚያክል ገላቸውን እላዩ ላይ ጣሉት። «ደግፈኝ ልጄ! እኅቴን! እኔን ገድላ ሰው ያዳነች እኅቴን! ደግፈኝ፣ ወደቅሁ!»

ምንይሉ አጎቱን በሁለት እጁ ተሸከመ። ሊለቃቸው አይችልም፤ አገር እያየ ነው። በትከሻቸው ላይ ሚስቱን አያት። እፀገነት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደችው፤ ያበጠውን ግንባሯን ሽማግሌው ሁሉ አየው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ያን ጊዜ ጠላውን ጠጥተው ካስታረቁት መካከል የነበሩት፣ ዓይናቸውን ከእብጠቱ ላይ አነሡና ከመንገዱ ገለል አሉ።

«እለፊ ልጄ» አሏት።

አለፈች።

ሚኒባሱ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ መንገዱ ከሚጠብበት ቦታ ሲደርስ ተናኘወርቅ «አቁምልኝ» አለችው ሾፌሩን። ወረደች። እፀገነትም ተከትላት ወረደች።

እዚህ ነበር። ያኔ ምንይሉ አልፏቸው ከሄደ በኋላ ወይዘሮ ይዘንጋሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማልቀሳቸውን አላቆሙም ነበር። «እማምዬ፣ አለፍን እኮ» ብትላቸው አልሰሙም። «ጋሽ ባምላኩ ደኅና ናቸው እኮ፤ ለቆመ ሰው ይህን ሁሉ እንባ ከየት አመጡት?» አለቻቸው።

«ለባምላኩ መስሎሽ?» አሉ አሮጊቷ፣ በበቅሎው ላይ እየራቀ የሚሄደውን ሰው እያዩ። «ልጄን ነው ያለቀስኩት። ደግ ልጅ ወልጄ ነበር፤ የት እንደሞተ አላውቅም።» ከዚያ ተነሥተው አፍንጫቸውን ጠረጉና ተቆጧት። «ምን ያስቆምሻል! መኪናው ያመልጥሻል። ደግሞ ክርሽን አታወፍሪው።»

የተናገሯት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነበር። ተናኘወርቅ ድንኳኑ ውስጥ ስትጮህ፣ ሙሾ ስታወርድ፣ አንጀቷ አልተላወሰም ነበር፤ ፍርሃቱም ኩራቱም ይዞት። አሁን በገደሉ ንፋስ ውስጥ እንባዋ ያለ ድምፅ መጣ።

እፀገነት አጠገቧ ቆመች። ተናኘወርቅ ዞረች። የልጅቷን ነጠላ ከትከሻዋ አነሣችና ገለበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ፣ ለቅሶ እንደሌለበት ሰው፣ መልሳ አለበሰቻት።

የራሷን ግን እንዳዘቀዘቀች ተወችው።